ወንድሟን አሰልጣኝ ያደረግንበት ቀን

እታለም ሰውን የምታውቀው በማሊያው ነው። ከተመልካቹ ደረጃ ሥር፣ ጣራው ወደ አንድ ጎን ባጋደለ ክፍል ውስጥ ሁለት ማጠቢያ ማሽን አላት፤ አንዱ ሲሠራ ሌላው ያኮርፋል። የቀረውን በሲሚንቶ ገንዳው ላይ ጎንበስ ብላ በእጇ ትጨርሳለች። ሃያ ስድስት ዓመት የክለባችንን ማሊያ አጥባለች። ጨዋታ ግን አይታ አታውቅም ማለት ይቻላል፤ እኛ ስንጮህ እሷ ፎጣ ታጥፋለች፣ እኛ ወደ ቤታችን ስንሄድ የእሷ ሥራ ይጀምራል። ያም ሆኖ ማን እንደለፋና ማን እንዳስመሰለ ከሁላችን በላይ የምታውቀው እሷ ናት።

«ጀርባው የቆሸሸው ተጥሏል፣ ደረቱ የቆሸሸው ራሱን ጥሏል፣ ንጹሑ ቆሞ ሲያይ ነበር» ትላለች። አንድ ጊዜ ብዙ የተወራለት አጥቂ መጥቶ ነበር። ከሦስተኛው ጨዋታ በኋላ ማሊያውን በሁለት ጣቷ አንስታ ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋ አየችውና «ይኼን ምን ብዬ ልጠበው? ለሰርግ ይሁንህ» ብላ ሳታጥበው መለሰችለት። ልጁ በወሩ ተሸኘ። እኛ በዓመቱ የምንደርስበትን እሷ በገንዳው ውስጥ ቀድማ ታየዋለች።

እውነተኛ ስሟ እታለም አይደለም። እንደዚያ የሚጠራት ታናሽ ወንድሟ ነበር። እሱ የጠራትን ቡድኑ ጠራት፣ ቡድኑ የጠራትን ሰፈሩ ጠራት። ወንድሟ ደግሞ ቴስታ ነው፤ የእሱንም የቤት ስም የሚያስታውስ የለም። ኳስ በእግሩ የሚነካው ለወግ ነው እየተባለ ይቀለድበት ነበር። የማዕዘን ምት ሲሻማ ከሰው ሁሉ በላይ ብቅ ይላል፣ ግንባሩን ይሰጣል፣ አለቀ። ዋንጫ ያነሳንበት ብቸኛ ዓመት ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ነው፤ የመጨረሻዋን ጎል ከበረኛው ጋር ተጋጭቶ ደሙ በቅንድቡ እየወረደ ያገባት እሱ ነው። የዚያን ቀን የማሊያውን አንገትጌ እታለም ሦስት ጊዜ ዘፍዝፋ አልለቅ ብሏታል።

ዘንድሮ ግን ነገራችን ሁሉ ገደል ገባ። አሥራ አንድ ጨዋታ ድል አላየንም። አራት ጨዋታ ሲቀር አሰልጣኙ ሐሙስ ዕለት ፊሽካውን የመልበሻ ክፍሉ ሚስማር ላይ ሰቅሎ፣ ሻንጣውን ይዞ፣ ማንንም ሳይሰናበት በአውቶቡስ ሄደ። የክለቡ ሥራ አስኪያጅ የደጋፊ ማኅበራችንን መሪዎች ጠራና «እኔ ያመጣሁትን ሁሉ ስትሰድቡ ኖራችኋል። በሉ እስከ ሰኞ ጠዋት እናንተው አንድ ሰው አምጡ፣ እኔ እፈርማለሁ» አላቸው። ከወረድን ቡድኑ እንደሚፈርስ ደግሞ ሁሉም ያውቃል። ውሃ የሚወስደው ሰው አረፋ ይጨብጣል። እኛም ቴስታን ጨበጥን።

እኛ የማናውቀውን እታለም ታውቅ ነበር።

ከስምንት ወር በፊት ነው። ቴስታ የማጠቢያ ክፍሏ በር ላይ ቆሞ «እታለም፣ ማሊያዬ ደረቀ?» አላት።

የቀለደ መስሏት «ገና ነው፣ ደረትህን ገልጠህ ሜዳ ግባ» አለችው።

አልሳቀም። ገመዱ ላይ የተሰጡትን አንድ በአንድ እየገለጠ ዘጠኝ ቁጥርን ይፈልግ ጀመር። ኳስ ካቆመ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። እታለም እጇ ላይ ሳሙናው እስኪደርቅ ድረስ ቆማ አየችው።

ሐኪሙ የጭንቅላቱን ፎቶ መብራት ላይ ለጥፎ አስረዳቸው። ያ ሁሉ ኳስ በግንባር፣ ያ ሁሉ ግጭት አንጎሉን ጎድቶታል። ይብስበታል እንጂ አይሻለውም። «ደህና ቀን ይኖረዋል። በደህናው ቀን እንዳትታለሉ» አላቸው። ሲወጡ ቴስታ የሐኪም ቤቱ ደረጃ ላይ ቁጭ አለ።

«እታለም፣ በእናታችን አጥንት ማይልኝ። ይኼ ነገር ከእኔና ከአንቺ እንዳይወጣ።»

«ሰው ቢሰማ ምን ይመጣል?»

«ያዝኑልኛላ! ሲሰድቡኝ ኖሬያለሁ፣ ስድብ አይገድለኝም። ከንፈር ሲመጥጡልኝ ማየት ግን አልችልም።»

ማለችለት። ሚስቱ ከተለየችው ወዲህ የሚኖረው እሷ ጋር፣ በጓሮው ክፍል ነው። በማግስቱ በተጫዋቾቹ ቁምጣ ላይ ቁጥር በምትሰፋበት ነጭ ክር የስልኳን ቁጥር ኮቱ ውስጥ ሰፋችለት። ማንም እንዳያየው ከብብቱ ሥር፣ ከገበሩ ላይ። እሱም በደህናው ቀን እየዳሰሰው «ኮቴንም ማሊያ አደረግሽው?» ይላት ነበር።

እንግዲህ ዓርብ ከሰዓት፣ እሷ ገንዳው ላይ እያለች፣ የማኅበራችን ሊቀመንበር ቤቷ ሄደ። ሊቀመንበራችን የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ድምፁ ከአውቶቡሱ ጥሩምባ ይበልጣል፣ ልቡ ግን የሕፃን ነው። ቴስታን በደህናው ሰዓት አገኘው። እታለም ስትገባ ወንድሟ ጢሙን ተላጭቶ፣ መስታወት ፊት ቆሞ ነበር።

«ተጠራሁ እኮ!» አላት። «ድሮም ይጠሩኛል አላልኩሽም?»

«ወንድሜ፣ ሐኪሙ ያለውን ረሳኸው?»

«አልረሳሁም» አለ፤ ፊቱም እንዳልረሳ ይናገራል። «አራት ጨዋታ ነው እታለም። አንድ ወር። ይኼ ጭንቅላት ዕድሜ ልኩን ለቡድኑ ተመቷል፤ አራት ጨዋታ ያጣል?»

የተላጨበትን ውሃ አንስታ ደፋችው። ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ሹፌሩ መምጣቱንም አላስታወሰም። ለምን እንደተላጨ ጠየቃት። እሷም ተመስገን አለች፤ በዚያው ረስቶት ይቀራል ብላ ተስፋ አደረገች። ግን ሹፌሩ እንደማይረሳ ታውቃለች። ስለዚህ ሳሙናዋን ጥላ አውቶቡሶቹ ወደሚቆሙበት ሄደች። ሹፌሩ መሪው ላይ ተደግፎ ዳቦ እየበላ ነበር፤ የተሳፋሪ ወንበር ላይ ከጎኑ ተቀመጠች።

«ወንድሜን ተውልኝ።»

«ምን አልሽ?»

«ደክሞታል። ተውልኝ በሞቴ።»

«እኛስ አልደከመንም? እይኝ እስኪ!» ዳቦውን አስቀመጠ። «እታለም፣ እኔ ሌሊት እንቅልፍ የለኝም። ይኼ ቡድን ከፈረሰ እሁድ እሁድ ምን ነኝ? ዝም ብዬ ሹፌር! ሚስቴ ራሷ ታዝንልኛለች።»

እታለም ልትናገር አፏን ከፈተች። እናቷ ትዝ አለቻት። ሌላ ነገር ወጣ፦ «ይጠጣል።»

በሕይወቷ ከዋሸቻቸው ጥቂት ውሸቶች አንዷ ናት፤ እሷም አልሠራችም። ሹፌሩ አውቶቡሱ እስኪነቃነቅ ሳቀ። «ይኼ ነው? በእኛ ቡድን አሰልጣኝ ሆኖ የማይጠጣ ማን አለ! ያለፈው ባይጠጣ ነው ያበደው።»

እሁድ ከሰዓት ሹፌሩ ራሱ በመኪና መጥቶ ቴስታን ወሰደው። እታለም ከኋላ ተቀመጠች።

ስብሰባው ከደረጃው ሥር ባለው አሮጌ ጂምናዚየም ነው። ክብደት ማንሻዎቹ ወደ ግድግዳ ተገፍተዋል፤ አዳራሹ ያልያዘው ሰው ሜዳው ዳር ፈሷል። በማኅበራችን እጅ አይወጣም። ድሮ እጅ በሚወጣበት ጊዜ አንዳንዱ ሁለቱንም እያወጣ፣ ከሰባ ሰው መቶ አሥር ድምፅ ተቆጥሮ ተደባድበናል። ከዚያ ወዲህ ሕጉ ወንበር ነው። ለእያንዳንዱ ዕጩ አንድ ባዶ ወንበር ይቀመጣል፤ የደገፈው ሰው ሄዶ ከወንበሩ ኋላ ይቆማል። እጅ ሁለት ነው፣ እግር ግን ሁለት ቦታ አይቆምም።

ሦስት ወንበር ተደረደረ። መጀመሪያ የሰፈራችን ብረት በያጅ ተነሳ። ፊቱ ላይ የመነጽሩ ምልክት እንደታተመ ነው የሚኖረው።

«ከውጭ ነው መምጣት ያለበት! እኔ በስልኬ የማየው አንድ ሽማግሌ አለ። ልምምድ ሲያሠራ ብታዩት! ኳሱን ሳይሆን ክፍት ቦታውን ነው የሚያስተምረው።»

«ክፍት ቦታውንማ እኛም እናውቀዋለን፤ የእኛ ተከላካይ ነው!» አለ አንዱ።

«በምን ቋንቋ ያናግራቸዋል?»

«ኳስ ቋንቋ አይፈልግም!»

«እና እስከ ነገ ጠዋት ይደርሳል? አንተ የእኔን በር ለመበየድ ሦስት ወር ፈጅተህ፣ ሰውዬውን ባንድ ሌሊት ልታመጣው ነው?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። በያጁም ሳቀ፤ ስልኩን ወደ ኪሱ መለሰ።

ቀጥሎ ጡረታ የወጣው ፖስተኛ ተነስቶ መምህሩን አቀረበ። መምህሩ የትምህርት ቤት የስፖርት አስተማሪ ነው፤ የታዳጊ ቡድናችንን ያሠለጥናል። እሱ ራሱ አልመጣም፤ ልጆቹ ልምምድ አላቸው ብሎ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ቀርቷል።

«ዘንድሮ አልተሸነፈም» አለ ፖስተኛው።

«ከሕፃናት ጋር!»

«ሰውዬው ድምፅ የለውም እኮ ጋሼ። ዳኛ ላይ እንኳን አይጮህም።»

«ያለፈው ጮኸ፤ ምን አመጣ? ጉሮሮውን ይዞ ሄደ።»

ያን ጊዜ እታለም ተነሳች። በስብሰባ ላይ ተናግራ አታውቅም፤ ሁላችንም ዘወር አልን። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ «እኔ ኳስ አላውቅም» አለች። «የማውቀው ጭቃ ነው። የትልቆቹ ማሊያ ሲመጣልኝ አራቱ ቆሽሾ፣ ሰባቱ እንደታጠበ ነው። የመምህሩ ልጆች ማሊያ ግን አሥራ አንዱም እኩል ቆሽሾ ነው የሚመጣው። ከበረኛው እስከ አጥቂው። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ እንደዚያ ዓይነት እጥበት ያየሁት አንድ ዓመት ብቻ ነው፤ ዋንጫ ያነሳን ዓመት። ሰውዬው የሚሠራውን ያውቃል። እሱን አድርጉት።»

አሁን ሳስበው፣ ያን ቀን በዚያ አዳራሽ ውስጥ ከተነገረው ሁሉ ፍሬ የነበረው ይኼ ነው። እኛ ግን የሰማነው ሌላ ነገር ነበር።

«እንዴ፣ ወንድምሽ ተቀምጦ?» አለ አንዱ ከኋላ።

«ምቀኛ ከቤት ነው የሚነሳው!»

«እሱ አለቃ ሲሆን ካልሲውን ማጠብ ከብዷት ይሆናላ!»

ተሳቀ። እውነቱን እነግራችኋለሁ፣ እኔም ስቄያለሁ። እታለም ከንፈሯን ነክሳ ተቀመጠች። ሹፌሩ ሳቁን ገስጾ «በሉ፣ ባለቤቱ ይናገር» አለና ቴስታን አስነሳው።

ጉዳቱን የማያውቅ ሰው ምን ያያል? ኮት የለበሰ፣ ወገቡ ያልጎበጠ፣ ግንባሩ ላይ የድሮው ጠባሳ ያለበት ጀግና። ቴስታ ዞር ዞር ብሎ ሁላችንንም አየን። ከዚያ በዚያ በምናውቀው ወፍራም ድምፅ ጀመረ።

«ልጆች፣ የምንሸነፈው በእግር አይደለም። አየሩን ለቀንላቸው ነው። ኳስ ወደ ላይ ስትወጣ የእኛ ልጆች ይጠብቋታል፤ እነሱ ይሄዱባታል። ኳስ እንግዳ አይደለችም፣ ቤት ቁጭ ብለህ አትጠብቃትም!»

ጣራው በጭብጨባ ተነሳ። አንድ ሰው «የፊታችን እሁድ ማንን ታሰልፋለህ?» ብሎ ጮኸ።

ቴስታ ፈገግ አለ። «በረኛ፣ ረጅሙ» አለ። «ቀኝ ተከላካይ ባቡሩ። መሐል ሁለቱ መንታዎች። ግራ ላይ ዳቦ ጋጋሪው…»

የሚጠራቸው የዛሬ ሃያ ሁለት ዓመቶቹ ልጆች ናቸው። ረጅሙን ከቀበርነው ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ ሬሳ ሳጥኑን ከተሸከሙት አንዱ ቴስታ ነበር። ዳቦ ጋጋሪው በስኳር በሽታ እግሩን አጥቷል። እሱ ግን አሥራ አንዱንም አንድ ሳያስቀር፣ በየቦታቸው ጠራቸው። ዘጠኝ ቁጥር ጋ ሲደርስ በአውራ ጣቱ ደረቱን ነካ።

ከፊት የተቀመጡት ሽማግሌዎች ማልቀስ ጀመሩ። ሹፌሩ ዓይኑን በክንዱ እየጠረገ «ሰማችሁ?» አለ። «የሞቱትን ሳይቀር አሰለፈልን! የጎደለን ይኼ ነው፣ ይኼ መንፈስ ነው!»

ቴስታ ወደ በሩ አየ። ትንሽ ጠበቀ። ከዚያ ግራ እንደገባው ሰው «ለምን ዘገዩ ግን?» አለ።

ከዚያ በላይ ምን ሊባል ይችላል! አዳራሹ አንድ ላይ ሳቀም አለቀሰም። ሰው ለሰው ተቃቀፈ። እኔ መዳፌ እስኪያብጥ አጨበጨብኩ። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል በሩን እውነት እየጠበቀ እንደሆነ ያወቀችው አንዲት ሴት ብቻ ናት።

«ወደ ወንበር!» አለ ሹፌሩ።

ግር ብለን ከቴስታ ወንበር ኋላ ተደረደርን። በያጁ የራሱን ዕጩ ወንበር ይዞ ወደ እኛ መጥቶ ላዩ ላይ ቆመ። እታለም ቀስ ብላ ተራመደችና ከመምህሩ ወንበር ኋላ ቆመች። ከጎኗ ፖስተኛው ነበር፤ እሱም አንገቱን ደፍቶ «ይቅር በይኝ እታለም፣ ልቤ እምቢ አለኝ» ብሏት ወደ እኛ ተሻገረ። ብቻዋን ቀረች። ሁለት እጇን ባዶው ወንበር መደገፊያ ላይ አድርጋ ወንድሟን ታያለች። አንዳንዱ ያጉረመርማል፤ አንዱ «እንዲያው ትንሽ አታፍርም?» አለ።

ቴስታ በመሐል ቆሞ ወዲያና ወዲህ ተመለከተ። ከዚያ እኛን ትቶ፣ ባዶውን ወለል አቋርጦ ወደ እህቱ ሄደ። ከመምህሩ ወንበር ኋላ፣ ከጎኗ ቆመ።

«አያችሁ ትሕትናውን!» ብሎ ጮኸ ሹፌሩ። «ለሌላው ድምፁን ሰጠ!» ጭብጨባው እንደገና ፈነዳ።

ቴስታ ወደ ጆሮዋ ጎንበስ ብሎ ነበር። ምን እንዳላት በኋላ ራሷ ነግራኛለች።

«እታለም፣ ሰው ሁሉ ቆሞ የሚያለቅሰው… ማን ሞቶ ነው?»

እጁን ያዘችው። ስብሰባ እንደሆነ፣ አሰልጣኝ እየመረጡት እንደሆነ፣ ነገ ጠዋት ሊያስፈርሙት እንደሆነ ቀስ ብላ ነገረችው። ያየናቸው እህትና ወንድም ሲታረቁ መስሎን ነበር፤ ይበልጥ አጨበጨብን። ቴስታ ፊቱ ላይ የሆነ ነገር ሲመለስ አየሁ፤ ያኔ አልገባኝም። ለካ ወደ ደህናው ሰዓቱ ሲመለስ ነው።

«አሁን ስም ጠራሁ?» አላት።

«ጠራህ።»

«የነማንን?»

መልሱን ከዓይኗ አነበበው። ወደ እኛ ዞሮ ለረጅም ጊዜ አየን።

«ካልነገርኳቸው እሁድ ሜዳ ላይ ያዩታል» አለችው። «እባክህ ከመሐላው ፍታኝ።»

«ንገሪያቸው» አላት። «እኔ ግን መጀመሪያ ልውጣ። ፊታቸውን እንዳላይ።»

ኮቱን ቆለፈ። አንገቱን ቀና አድርጎ፣ ልክ ከመልበሻ ክፍል ወደ ሜዳ እንደሚወጣ ሰው፣ በመሐላችን አለፈ። መንገድ ከፈትንለት። ትከሻውን ያልነካ የለም። «ቴስታ! ቴስታ!» እያልን እስከ በሩ ሸኘነው፤ በሩ ላይ ዞሮ እጁን አነሳልን። ወጣ። በሩ ተዘጋ።

ሹፌሩ ፊቱ በደስታ በርቶ ድምፅ ማጉያውን ለእታለም ዘረጋላት። «ነይ እታለም፣ ሽንፈትሽን በክብር ተቀበይ! እኛ አንቀየምሽም» አላት። ከእጁ ወሰደች። ስትናገር ድምፅዋ ከፍ አላለም። ማሊያውን ገመድ ላይ ሲፈልግ ካገኘችበት ቀን ጀመረች። የሐኪሙን ቃል ነገረችን። «ይኼን ላልናገር በእናቴ አጥንት ምዬ ነበር» አለች። «አሁን የጠራላችሁ ሰዎች በዚያ በር እስኪገቡ ሲጠብቃቸው ነበር።»

ሹፌሩ ቁጭ አለ። ወንበር አልነበረም፤ ወለሉ ላይ ነው የተቀመጠው። በዚያ ሁሉ ሰው ውስጥ ማንም ማንንም አላየም። ከወንበሩ ኋላ የቆምን ሁላችን እግራችንን የት እንደምናደርገው ጠፋብን።

ውጭ ያለው ሰው ግን አልሰማም። በጠባቡ መስኮት ዘፈኑ ይገባል፤ ቴስታን ትከሻቸው ላይ አድርገው ሜዳውን ይዞሩ ጀምረዋል፤ ስሙ ሩቅ ይሄድና ተመልሶ ይቀርባል። በያጁ ሮጠና የበሩን እጀታ ያዘ። «ላስቁማቸው» አለ።

እታለም ድምፅ ማጉያውን ወንበሩ ላይ አስቀመጠች።

«ተዋቸው» አለችው። «አንድ ዙር ይጨርሱ። ከዚያ እኔ ሄጄ እወስደዋለሁ።»